ችካሉ ከአጥሩ ይቅደም፦ ስለ ሐይቅ ዳር ግንባታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሐይቅ ዳርና በረግረግ መሬት ላይ ለሚሠራ ግንባታ የሚደረገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከመሬት ርክክብ በፊት እንዲካሄድ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ጉዳዩን ከጓዳው ያውቀዋል። ለ11 ዓመታት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ በማዘጋጀት እንጀራ በልቻለሁ። በየቢሮው መደርደሪያ ላይ እኔ የጻፍኳቸው፣ ሌላ ሰው ማኅተም ያሳረፈባቸው ሰነዶች አሉ። አብዛኞቹን ዛሬም ብጠየቅ ቆሜ እከራከርላቸዋለሁ። አንዱ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ደብዳቤዬም ከእሱ ይጀምራል።

ወሩ ግንቦት ነበር። በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ነው ተባለና የግምገማውን ሰነድ እንዳዘጋጅ ተዋዋልኩ፤ የተሰጠኝ ጊዜ 21 ቀን። መጀመሪያ ቀን ወደ ቦታው ስሄድ ደንገል የለበሰ ዳርቻ አያለሁ ብዬ ነበር። የተቀበለኝ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ነው። በሩ ላይ ዘበኛ፣ ውስጥ ሁለት ገልባጭ መኪና። አንደኛው ጭነቱን ዘርግፎ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ከተከመረው ገረጋንቲ ሥር የደንገሉ ራሶች እንደተሰበረ ጃንጥላ ዘንበል ብለው ወጥተዋል፤ ጎማው በረገጠበት ሁሉ ጥቁር ውሃ ያቆራል።

ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነበሩ። ጥላ ሥር አስቀምጠው የተጠበሰ ቀረሶ ጋበዙኝና ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉልኝ። የሊዝ ውሉ ተፈርሟል። ንድፉ ጸድቋል። ባንኩ ብድሩን ለመልቀቅ የሚጠብቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት የእኔ ሥራ ነበር። ሰውየው ምንም አላጠፉም፤ የተባሉትን ሁሉ በተባሉበት ቅደም ተከተል ፈጽመዋል። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ራሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የኅብረተሰብ ምክክር አደረግን። ቦታው የቀበሌው አዳራሽ፣ ተሳታፊው 14 ሰው። ከመካከላቸው ጣና ዳር ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ ገመድ የተቋጠረ። ተራው ሲደርሳቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ድሮ የሚያባርረን ሐይቁ ነበር። ሲሞላ እንሸሻለን፣ ሲጎድል እንመለሳለን። ይኸ አጥር ግን አይጎድልም።» አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ ምን ብዬ እንዳሰፈርኩት ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ ተሳታፊዎች ለፕሮጀክቱ ያላቸውን ድጋፍ ገልጸዋል፤ የአካባቢው ነዋሪ የሥራ ዕድል ተጠቃሚ እንዲሆንም ጠይቀዋል። የ14ቱንም ፊርማ አያያዝኩበት።

የሚያሳፍረው በዚህ አያበቃም። ጊዜ ስላጠረኝ የፍሳሽ አወጋገድ የሚለውን ክፍል ቀደም ሲል ለአንድ ፋብሪካ ከጻፍኩት ሰነድ ገልብጬ ነበር። ሰነዱ ቀርቦ፣ ተገምግሞ፣ ጸድቆ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከተመለሰልኝ በኋላ ነው አንድ ገጽ ላይ ዓይኔ ያረፈው፦ «ወደ አዋሽ ወንዝ የሚለቀቀው ፍሳሽ በአግባቡ ይታከማል» ይላል። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ስለ አዋሽ ጽፌአለሁ። የጻፍኩት እኔ አላየሁትም፤ ያጸደቀውም አላየውም። ለካስ ያንን ሰነድ ያነበበ ሰው አልነበረም።

ሕጉ እንዲህ እንዲሆን አልፈለገም። ኅዳር 24 ቀን 1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንቀጽ 3 ላይ ግልጽ ነው፦ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከባለሥልጣኑ ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራው ሊጀመር አይችልም። የኢንቨስትመንት፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ አስቀድሞ ይሁንታው መገኘቱን ማረጋገጥ አለበት። ልብ በሉ፤ አንቀጹ የሚያስረው ፈቃድ ሰጪውን ነው። መሬት ሰጪው በስም አልተጠራም። በእኛ አገር ደግሞ ነገር ሁሉ የሚጀመረው ከመሬት ነው። ካርታ በእጁ የገባ ሰው አጥሩን ያጥራል፣ አጥሩን ያጠረ ሰው ይሞላል፣ የሞላ ሰው «ይህን ያህል ገንዘብ ካፈሰስኩ በኋላ ልትከለክሉኝ ነውን?» ይላል፤ ጥያቄውም ሚዛን ይደፋል። ግምገማው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እኛ አማካሪዎቹ ደግሞ ለመጮኻችን ደረሰኝ የምንቆርጥ ውሾች ነበርን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ አጭር ነው። በሐይቅ ዳር፣ በረግረግና በደሴት ላይ ያለ መሬት በሊዝም ሆነ በምደባ ከመተላለፉ በፊት ግምገማው ተጠናቆ ውጤቱ ይታወቅ። የክልልና የከተማ መሬት አስተዳደር ቢሮዎች በመመሪያ ይታሰሩ። ይህ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ የሚጠብቅ ነገር አይመስለኝም። የትኛው የፕሮጀክት ዓይነት ግምገማ እንደሚያስፈልገው በመመሪያ የመዘርዘር ሥልጣኑ ከ1995 ጀምሮ በእጃችሁ ነው፤ ፕሮጀክት የሚጀመረው መሬት ከተረከቡበት ቀን ነው ብሎ መጻፍ አንድ መስመር አይፈጅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም የሐይቅ ዳር መሬት ከሌላው መሬት የሚለየው በእሱ ነው። ሐይቅ ዳር የሚባለው የት ነው?

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። ግን በዚያ በግንቦት ቀን ባለቤቱ የዘረጉልኝ ካርታ ግንባታው ከውሃው ጠርዝ በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም በሜትር ይናገራል። ቀያሹ ሜትሩን የዘረጋው ግን በግንቦት ነው። ጣናን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ከዓመቱ ሁሉ ይጎድላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ሜትር ተኩል ገደላማ ዳርቻ ላይ ምንም አይደለም። እንደ ፎገራና ደምቢያ ባለ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ግን ውሃው በእግር የማይጨረስ መንገድ ሸሽቶ ይመለሳል። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ስም አውጥቶለታል፤ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ውሃው ሲሸሽ እየተከተለ ይዘራል፣ ሲመለስ አጭዶ ይወጣል። ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ የሚጠራውን መሬት ቀያሹ ደረቅ መሬት ብሎ መዘገበው።

መስከረም ላይ ማንም ሳይልከኝ ወደዚያ ቦታ ተመለስኩ። ውሃው አጥሩን አልፎ ገብቷል። ሠራተኞች በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞሉ ይደረድራሉ። ገረጋንቲው ግማሹ ታጥቦ ሐይቁን እስከ ሩቅ ድረስ የሸክላ ቀለም አልብሶታል። አንዱን የቀን ሠራተኛ «ሐይቁ ሞላባችሁ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀና «ወደ ቤቱ ተመለሰ እንጂ!» አለኝ። በ21 ቀን ጥናቴ ውስጥ መስከረም የሚባል ወር አልነበረም።

የ1995 ዓ.ም. ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በሰኔ፣ ጣና በታሪኩ ተመዝግቦ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ ብሎ ጎደለ። ዝናብ አንሶ ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. ከዓባይ መውጫ ላይ በተሠራው የጨረጨራ ማቆሪያ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውሃ ነበር። ጀልባዎች ሥራ አቆሙ፤ የተጋለጠውን የሐይቅ ወለል ሰው አረሰው። ያን ጊዜ ዳርቻውን የለካ ቀያሽ ቢኖር ኖሮ የሐይቁን ሆድ መሬት ብሎ ካርታ ይሰጥበት ነበር።

ተቃራኒውም አለ። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ከስልሳ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ኩሬ ነው። ዛሬ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የአዲስ አበባ ጅቡቲን አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ እየገፋ፣ የግጦሽ መሬትና የሸንኮራ ማሳ ዋጠ። ሀዋሳም መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ዛሬ ወጣቱ ምሽት ላይ የሚንሸራሸርበት የአፈር ክትር ውሃው ከተማውን እንዳይገባበት የተሠራ መከላከያ ነው። ኬንያ ውስጥ ባሪንጎ ሐይቅ ባለፉት ዓመታት ሞልቶ ዳርቻው ላይ የነበሩ ሆቴሎችን ከነጣሪያቸው አጥልቋል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ከማን ጋር እንደሚጎራበት አስቀድሞ ቢያውቅ ለራሱም ይበጀው ነበር።

ሕግ አጥተን አይደለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን መከለል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት እንዳይቆረጥ፣ መኖሪያ ቤትም እንዳይሠራ መከልከል እንደሚቻል ይናገራል። «እንደሚቻል» ነው የሚለው። ከዚያች አንዲት ቃል ጋር ስንት ዓመት ኖርን! የሚቻል ነገር ሁሉ ለነገ ይቀመጣል፤ ሊዝ ግን ለነገ አይቀመጥም። ጣና ሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያ ሰነድ ላይ ምንም የማይነካው እምብርት፣ በዙሪያው የሚከበበው ከለላ፣ ከዚያም ሰው የሚኖርበትና የሚያለማበት ቀጣና በቀለም ተለይተው ተቀምጠዋል። እኔ በሥራዬ ምክንያት በእግሬ በዞርኩባቸው ዳርቻዎች ሁሉ ግን አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያሳይ አንድም ችካል አላጋጠመኝም። የሚታየኝ ችካል ሁልጊዜ የባለሀብቱ ነበር።

መስመር ማስመር ምን እንደሚፈይድ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሕንድ የባሕር ዳርቻ ደንቧን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ርቀቱ የሚለካው ማዕበሉ ከፍ ብሎ ከሚደርስበት መስመር ወደ የብስ 500 ሜትር ድረስ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ከሚቆምበት አይደለም። ደንቡ ብዙ ጊዜ ተጥሷል፤ ተላልቷልም። ነገር ግን መስመሩ ስለነበረ ፍርድ ቤት የሚይዘው ነገር አገኘ። ኬረላ ግዛት ውስጥ ማራዱ በሚባል ቦታ በውሃ ዳር የተሠሩ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ደንቡን ተላልፈዋል ብሎ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲፈርሱ አዘዘ፤ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ፈረሱ። ከ300 በላይ መኖሪያ ቤቶች ነበሩባቸው። የማያሳዝን ነገር አይደለም፤ ገንዘባቸውን ከፍለው የገቡ ሰዎች ናቸው ሜዳ ላይ የቀሩት። እኔ እዚህ እንዲፈርስ የምመኘው ቤት የለኝም። መስመሩ አስቀድሞ መሬት ላይ ቢሰመር ማንም የሚፈርስ ቤት አይሠራም ነው የምለው።

ስለዚህ ሁለተኛው ልመናዬ፦ ከውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችና ከክልሎች ጋር ሆናችሁ በእያንዳንዱ ሐይቅ ከፍተኛው ውሃ የደረሰበትን መስመር በመስከረም ለኩት፤ ከዚያ ወደ የብስ የሚቆጠረውን ከለላ ወስኑ፤ ወሰኑን በነጋሪት ጋዜጣም ይሁን በክልል ደንብ አውጁት፤ ኮንክሪት ችካል ትከሉበት። ስፋቱ ለጣና፣ ለሀዋሳና ለቢሾፍቱ ሐይቆች አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ቢሾፍቱና ባቦጋያ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ እዚያ አደጋው ከገደሉ ጠርዝ የሚወርደው ፍሳሽና ናዳ ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማያልፍ ገበታ ነው፤ ሕይወቱ ያለው ዳር ዳሩን ነው። ቀረሶውና አምባዛው የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወጥቶ የሚራባው፣ በሌላ በየትም ዓለም የማይገኘው የጣና ነጭ ዓሣም ጫጩቶቹ የሚያድጉት ወደ ሐይቁ ተመልሰው በዚያው ዳር ዳር ነው።

ደንገሉ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭን ለመንቀል ስንት ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባ? ማሽን ተገዛ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ከውጭ አገር ያሉ ወገኖች ሳይቀሩ እጃቸውን ዘረጉ። እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ በሚወርደው ደለል፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ያንን ደለልና ፍሳሽ ከሐይቁ በፊት ተቀብሎ የሚያጣራው ደግሞ ደንገሉ ነበር። በሰሜን በኩል እምቦጭ እየነቀልን በደቡብ በኩል ደንገል ላይ ገረጋንቲ እንደፋለን። አንዱን የሚያዘው ቢሮ ሌላውን ከሚፈቅደው ቢሮ ጋር ምሳ የሚበላ ይመስለኛል፤ ስለ ምን እንደሚጨዋወቱ ግን አላውቅም።

የእኔ ሰነድ በዚህ ላይ ምን አለ? ፕሮጀክቱ የሚይዘው ቦታ ከሐይቁ አጠቃላይ ስፋት አንጻር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የጎላ ተጽዕኖ አይኖረውም አለ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሄክታር ከእሱ ጋር ምን ተነጻጽሮ! ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ በሌሎች አማካሪዎች ሰነድም አግኝቻታለሁ፤ ለጎረቤት ቦታ፣ ለጎረቤቱ ጎረቤት። እያንዳንዱ ብቻውን ሲመዘን ላባ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው፣ ዳርቻውም እየተወሰደ ያለው በላባ በላባ ነው። አዋጁ አንቀጽ 13 ላይ የመንግሥት ፖሊሲ፣ ስትራቴጂና ፕሮግራም ራሱ ግምገማ እንዲደረግበት ያዛል። ይህን ተጠቅማችሁ የአንድን ሐይቅ ዳርቻ በጠቅላላ አንድ ጊዜ ገምግሙት። ምን ያህል ማረፊያ፣ የት የት፣ ምን ዓይነት የፍሳሽ ማጣሪያ ይዞ ሊኖር እንደሚችል ከታወቀ በኋላ ግለሰብ ባለሀብት በዚያ ውስጥ ቦታውን ይፈልግ። መንግሥት ራሱ በጎርጎራ፣ በወንጪና በኮይሻ በውሃና በደን ዳር ግንባታ ባካሄደበት በዚህ ዘመን ይህን ማድረግ ከማንም በፊት የሚጠቅመው ራሱን መንግሥትን ነው። የእነዚህ የመንግሥት ፕሮጀክቶች የግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ንባብ ቢቀርብ፣ የግሉን ባለሀብት «አንተም አቅርብ» ለማለት አፍ ይኖራችኋል።

ስለ ንባብ ካነሳን፣ አንቀጽ 15 ሰነዱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይም ተጽዕኖው የሚደርስበት ኅብረተሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። እኔ የጻፍኳቸው ሰነዶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ያ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ሰነዴን ቢያገኙት ኖሮ ምን ያደርጉበት ነበር? እሳት ያያይዙበት ይሆናል። አንቀጽ 17 ደግሞ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ኃላፊውም አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣል ይላል። ውሳኔ መሰጠቱን ያልሰማ ሰው ግን በምን ላይ አቤት ይላል? የሰነዱ ማጠቃለያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በየአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ይጻፍ፤ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሙሉው በድረ ገጻችሁ ይጫን። ውሳኔውም ቀኑ ተጽፎበት እዚያው ይለጠፍ። ያ አዋሽ የሚለው መስመር ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ያርመው ነበር።

ሽማግሌው ሌላም ችግር ነበረባቸው። ደንገሉን የሚያጭዱበት ቦታ የይዞታ ማረጋገጫ የለውም፤ ሐይቅ ማን በስሙ ያስመዘግባል? ስለዚህ ካሳ በሚሰላበት ሰንጠረዥ ውስጥ እሳቸው የሉም። የእኔም ሰነድ «በፕሮጀክቱ ምክንያት የሚፈናቀል ሰው የለም» ብሎ ደምድሟል። የሐይቅ ዳር ግምገማ መመሪያችሁ ካርታ የሌላቸውን ተጠቃሚዎች፣ ደንገል አጫጁን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ከብት የሚያጠጣውን፣ ባሕር ሸሽ የሚዘራውን በስም ቆጥሮ እንዲመዘግብ ያስገድድ።

ስለ አማካሪዎችም እውነቱን ልናገር፤ የቀድሞ ባልደረቦቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። የሚቀጥረን ባለ ፕሮጀክቱ ነው። የሚከፍለን ባለ ፕሮጀክቱ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ሲጸድቅ ነው። እንዲህ ባለ ውል «ይህ ቦታ አይሆንም» ብሎ የሚጽፍ ሰው የራሱን ደመወዝ ነው የሚሰርዘው። በ11 ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ አማካሪ ቀጠረ። ገንዘቡን ባለ ፕሮጀክቱ ለእናንተ ያስገባ፣ አማካሪውን ከተመዘገቡት መካከል እናንተ መድቡ፣ ክፍያውም ሰነዱ አዎንታዊም ሆነ አሉታዊ ይለቀቅ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ግምገማውን የማጽደቅ ሥልጣን ራሱ ፕሮጀክቱን ለሚያስፋፉት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተሰጥቶ እንደነበር አትዘነጉትም። ከእሱ ትምህርት የወሰደ መሥሪያ ቤት የአማካሪውን ነገር ለመረዳት አይከብደውም።

ቅጣቱን በአጭሩ ልለፈው። አዋጁ ያለ ይሁንታ ሥራ የጀመረን ወይም በሰነዱ ሐሰት ያቀረበን ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ አንድ ዶላር 9 ብር አይሞላም ነበርና ትልቁ ቅጣት ከ11,000 ዶላር በላይ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ያው ቅጣት ዛሬ 1,000 ዶላር አይሞላም። ለአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ይህ የመጋረጃ ዋጋ ነው።

ልማት ጠል እንዳትሉኝ። እኔም ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት ነፍሴ ነው፤ ከተማችን ያለ እንግዳ አትኖርም፤ አስጎብኚውም፣ አስተናጋጁም፣ ጀልባ ነጂውም እንጀራቸው ከዚያ ነው። አጥር ዳርቻውን ሁሉ ከያዘው ግን ነገ የከተማው ሕፃን ሐይቁን የሚያየው መግቢያ ከፍሎ ነው። ቢሾፍቱ የሄደ ሰው ይህን ይረዳኛል፤ ከተማው በሐይቅ ተከቦ ሳለ ወደ ውሃው የሚያደርስ ነጻ መንገድ ለማግኘት ስንት በር ማንኳኳት ያስፈልጋል!

የዚያን ሰነድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። የአዋሽን መስመር በቀይ አስምሬበታለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ሽማግሌው የተናገሩትን በእጄ ጽፌ አስተካክያለሁ። እንደገና ይመርመርልኝ፤ የሚያስጠይቀኝ ካለ እጠየቃለሁ።

መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ በሚቆምበት ሳምንት ባለሙያዎቻችሁን ባሕር ዳር ላኩ። ዳርቻውን በእግር አውቀዋለሁ፤ የት የት ውሃው እንደሚደርስ የሚያሳዩኝን ሰዎችም አውቃለሁ። ችካሉን ራሴ እሸከማለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አማካሪ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ሐይቅ ላላቸው ክልሎች የመሬት አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች
ለዚያ ቀበሌ አዳራሽ፣ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ